ብርቱካናማው ብርጭቆ፦ አፔሮል ምንድን ነው? ለምንስ መራራ ሆነ?

እህቴ የምትኖረው በሰሜን ጣሊያን፣ ቬሮና ከተማ ነው። በየዓመቱ በእኛ ክረምት፣ በእነርሱ በጋ፣ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ትልክልናለች፦ ድንጋይ የተነጠፈበት አደባባይ፣ ትንሽ ክብ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሆደ ሰፊ ባለእግር ብርጭቆ፣ በብርጭቆው ውስጥ ደግሞ ከሩቅ የሚጣራ ብርቱካናማ መጠጥ። እናቴ ስልኩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ ታየውና ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ይህ ፋንታ ነው?»

እንዲህ የምትጠይቀው እርሷ ብቻ አይደለችም። መጠጡ ባለፉት ሃያ ዓመታት ከተወለደበት አካባቢ ወጥቶ የአውሮፓንና የአሜሪካን የበጋ ጠረጴዛ ሞልቶታል፤ አዲስ አበባ ውስጥም በአንዳንድ ሆቴሎች የመጠጥ ዝርዝር ላይ ይታያል። ብዙ ሰው ግን የሚያውቀው በመልኩ ነው፤ መልኩ ደግሞ ያታልላል።

እኔም ተታልዬ አውቃለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሆቴል ሰገነት ላይ አዘዝኩ። አስተናጋጁ በቀጭን ረጅም የሻምፓኝ ብርጭቆ፣ ሊያልቁ የተቃረቡ ሁለት የበረዶ ቁርጥራጮች ጣል አድርጎበት አመጣልኝ። ሙቀት ነበርና እንደ ለስላሳ ጎንጨት አደረግኩት። መጀመሪያ ስኳር መጣ፤ ቀጥሎ የብርቱካን ልጣጭ ሽታ፤ ከዚያ ከምላሴ ሥር ተነሥቶ አልሄድም የሚል ምሬት። «ተበላሽቷል» ብዬ ልመልሰው ምንም አልቀረኝም። የመጠጡን ነገር ከተረዳሁ በኋላ ነው ያ ምሬት ስህተት እንዳልነበረ የገባኝ። መጠጡ የተሠራው ለእርሱ ሲባል ነው።

ታዲያ አፔሮል ምንድን ነው?

አፔሮል በጠርሙስ የሚሸጥ፣ ከብርቱካን፣ ከዕፅዋትና ከሥራ ሥር የሚዘጋጅ፣ ጣፋጭም መራራም የሆነ የጣሊያን የአልኮል መጠጥ ነው። የአልኮል መጠኑ 11 በመቶ ነው፤ ከወይን ጠጅ ጋር ይቀራረባል፣ ከውስኪ ሩብ ያህል ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ስሞች ይምታታሉ። አፔሮል ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነው። በእህቴ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየው ግን ስፕሪትስ ይባላል፤ አፔሮል፣ ፕሮሴኮ የተባለው አረፋማ ነጭ ወይን ጠጅና ጋዝ ያለው ውሃ በበረዶ ላይ ሲደባለቁ የሚገኘው ነው። አፔሮል ቡናው ነው ብንል ስፕሪትስ ማኪያቶው ነው።

ብዙ ጊዜ «ሊኬር» ተብሎም ይጠራል። ሊኬር ማለት ስኳር የበዛበት፣ በፍራፍሬ ወይም በቅመም የተቃመመ የአልኮል መጠጥ ነው። በዕለት ተዕለት ንግግር እንዲህ ማለት አያስወቅስም። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግን አንድ መጠጥ ሊኬር ለመባል በመደበኛው ቢያንስ 15 በመቶ አልኮልና በሊትር ቢያንስ 100 ግራም ስኳር ሊኖረው ይገባል። አፔሮል በስኳሩ ፈተናውን ያልፋል፣ በአልኮሉ ይወድቃል። ጠርሙሱ ላይ የሚነበበውም «አፔሪቲቮ» የሚለው ቃል ነው።

«አፔሪቲቮ» ማለትስ?

ቃሉ የመጣው «መክፈት» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ግሥ ነው። የሚከፈተው የምግብ ፍላጎት ነው። እኛም «የምግብ ፍላጎቴ ተዘጋ»፣ «ተከፈተ» እንላለንና ሐሳቡ እንግዳ አይሆንብንም።

ጣሊያኖች ዘንድ ቃሉ ሁለት ነገር ይሸከማል። አንደኛው ከምግብ በፊት የሚጠጣው መጠጥ ነው። ሁለተኛው የሚጠጣበት ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ እስከ 2 ሰዓት፣ ሥራ አልቆ እራት ያልቀረበበት ጊዜ። ሰው አንድ ብርጭቆ ያዝዛል፤ ከብርጭቆው ጋር ጨው ያለባቸው ትናንሽ ነገሮች ይመጣሉ፦ ወይራ፣ ለውዝ፣ የድንች ቺፕስ። ያ አንድ ብርጭቆ አንድ ሰዓት ሊቆይ ይችላል። የተጣደፈ ሰው አይታይም። እህቴ እንደምትለው፣ እዚያ ሰዎች ጠጥተው ለመነሣት ሳይሆን ተቀምጠው ለማውራት ሰበብ የሚገዙ ነው የሚመስሉት።

ከምግብ በኋላ የሚጠጣው ሌላው ወገን ዲጄስቲቮ ይባላል፤ «የሚያፈጭ» ለማለት ነው። ለእኛ የቅርብ ምሳሌው ፈርኔት ነው፤ በአገራችን የመጠጥ መደርደሪያ ላይ የቆየ፣ ብዙ ሰውም «ለሆድ ጥሩ ነው» እያለ የሚጠጣው ጥቁርና ኃይለኛ መራራ። ፈርኔትና አፔሮል ሁለቱም ከዚሁ የጣሊያን መራራ መጠጦች ቤተሰብ ናቸው። አንዱ ገበታውን ይከፍታል፣ አንዱ ይዘጋል።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ቅቤ ሲነጠር ያየ ሰው ግማሹን መንገድ ያውቀዋል። ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና አብሹ በቅቤው ውስጥ ሲቆዩ መዓዛቸውን ለቅቤው ይሰጣሉ፤ ከዚያ ይጠለላል፤ ቅመሙ ይጣላል፣ ቅቤው መዓዛውን ይዞ ይቀራል። በውሃ ብቻ ቢሞከር ያንን ያህል አይወጣም፤ ብዙዎቹ መዓዛ ሰጪ ነገሮች የዘይት ጠባይ ስላላቸው ውሃ አይቀበላቸውም። አልኮል ደግሞ በሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ዘይታማውንም በውሃ የሚሟሟውንም አብሮ ያወጣል። ስለዚህ ልጣጩና ሥራ ሥሩ በአልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ የወጣው ቅምር ከውሃና ከብዙ ስኳር ጋር ይደባለቃል።

የመጠጡ ሙሉ አሠራር ምስጢር ነው። ኩባንያው በይፋ ከሚጠቅሳቸው መካከል አራቱን ማወቅ ግን ጣዕሙን ለመረዳት በቂ ነው።

የመጀመሪያው ብርቱካን ነው፤ ጣፋጩም መራራውም። መራራ ብርቱካን ተልጦ የሚበላው ዓይነት አይደለም። ውስጡ ኮምጣጣ፣ ልጣጩ ግን በመዓዛው የከበረ ነው። እንግሊዞች ዝነኛውን ማርማላታቸውን የሚሠሩት ከእርሱ ነው።

ሁለተኛው ጄንሲያና ነው፤ በአልፕስ ተራሮች ከፍታ ላይ የሚበቅል፣ ቢጫ አበባ ያለው ተክል። የሚፈለገው ሥሩ ነው። በሥሩ ውስጥ አማሮጀንቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ከሚታወቁት የተፈጥሮ መራራ ነገሮች ሁሉ ከፊተኞቹ ይመደባል። አንድ እጅ በ58 ሚሊዮን እጅ ውሃ ውስጥ ቢሟሟ እንኳ የሰው ምላስ እንደሚያውቀው ይነገርለታል። አፔሮል ከተዋጠ በኋላ ምሬቱ አልለቅም የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው ሩባርብ ነው፤ በቻይና ባህላዊ ሕክምና ለብዙ ዘመን የቆየ ወፍራም ሥር። ለመጠጡ እንደ ደረቅ አፈር ያለ ጠለቅ ያለ ጣዕም ይሰጠዋል።

አራተኛው ለእኛ ታሪክ ያለው ነው፦ ኪና፣ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚበቅል ዛፍ ቅርፊት። በ1820 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፔለቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከዚህ ቅርፊት ኩዊኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት ለይተው አወጡ። መድኃኒቱ በመራራነቱ የታወቀ ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ገብቶ ከወባ አልፎ ተስፋፋና ዛሬ የራስ ምታቱንም የጉንፋኑንም እንክብል «ኪኒን» እንለዋለን። አፔሮል ውስጥ ያለው ኪና ለጣዕም ያህል የገባ ነው፤ ማንንም ከወባ አያድንም።

ቀለሙስ? ብርቱካኑ የሰጠው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ከምግብ ማቅለሚያ ነው፤ በአውሮፓ የሚሸጠው ጠርሙስ ላይ ኢ110 እና ኢ124 ተብለው የተጻፉት እነርሱ ናቸው። በዚህ የሚደነቅ ካለ የአፔሮል ታላቅ ወንድም የሆነውን፣ ካምፓሪ የተባለውን የጣሊያን መራራ መጠጥ ታሪክ ይስማ፦ የካምፓሪ ደማቅ ቀይ እስከ 2006 ድረስ የሚገኘው ቁልቋል ላይ ከሚኖሩ፣ ደርቀው ከሚፈጩ ጥቃቅን ነፍሳት ነበር።

ሰው መራራ ነገር ለምን ይወድዳል?

ጥያቄው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ ምላሳችን ለምሬት የተሠራው እንዲወድደው አይደለምና። የምላሳችንን ጣዕም ለይዎች እንደ ቅጥር በር ጠባቂዎች እናስባቸው። ለጣፋጭ የቆመው በዋናነት አንድ ዓይነት ጠባቂ ነው፤ «ጉልበት የሚሰጥ ነገር መጣ፣ ይግባ» ይላል። ለመራራ ግን 25 ያህል የተለያዩ ጠባቂዎች አሉ። ምክንያቱም በተፈጥሮ ውስጥ ብዙ መርዝ መራራ ነው፤ መርዙም አንድ ዓይነት ስላልሆነ እያንዳንዱን የሚያውቅ ዓይን ያስፈልጋል። ሕፃን መራራ ነገር ቢቀምስ ፊቱን የሚያጨማድደው ማንም ሳያስተምረው ነው።

አዋቂ ሰው ግን ይለምዳል። በተደጋጋሚ ቀምሶ ምንም ጉዳት ሳይደርስበት ሲቀር፣ የጠባቂው ጩኸት ማስጠንቀቂያ መሆኑ ቀርቶ የጣዕሙ አንድ ክፍል ይሆናል። ቡናን በስኳር የጀመረ ልጅ አድጎ ያለ ስኳር የሚጠጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ይህንን ለማስረዳት ከጠጅ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ማርና ውሃ ብቻ ተበጥብጦ ሲቀርብ ብርዝ እንለዋለን። ብርዝ ደስ ይላል፣ ሁለተኛው ብርሌ ላይ ግን ይሰለቻል። ጌሾ ሲገባበትና ሲብላላ ጠጅ ይሆናል፤ ምሬቱ የማሩን ጣፋጭነት ከጀርባው ይይዘዋል፣ ጉሮሮን ይጠርጋል፣ ሌላ ጉንጭ ያስፈልጋል። ጠጅ ጣይ ሁሉ የሚያውቀው ችግር አለ፦ ጌሾው ካነሰ ይለሰልሳል፣ ከበዛ ይጎመዝዛል። አፔሮል ውስጥ ጄንሲያናና ኪና የያዙት ሥራ ጌሾ በጠጅ የያዘው ነው። ለእናቴ ጥያቄ የነበረኝ መልስም ይህ ነበር፦ ፋንታ ብርዙ ነው፣ ይህኛው ጠጁ።

ከመጠጡ ጋር ወይራና ቺፕስ የሚቀርበውም ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ጨው ምሬትን ያዳክማል። የመራራው ጠባቂ ድምፅ ሲቀንስ ተሸፍኖ የነበረው ጣፋጭነትና መዓዛ ብቅ ይላል። በአገራችን በብዙ ገጠር ቡና በጨው የሚጠጡ ሰዎችን የከተማ ሰው ሲገረምባቸው አይቻለሁ፤ የሚያደርጉት ግን ይህንኑ ነው። የሚጠራጠር ሰው መጀመሪያ አፔሮሉን ብቻውን ይቅመስ፣ ከዚያ አንድ ወይራ በልቶ ደግሞ ይቅመሰው። ሁለት የተለያየ መጠጥ ይመስለዋል።

የምግብ ፍላጎት ይከፍታል የሚለውስ? መራራ ጣዕም ምራቅን እንደሚያመጣ ማንም በራሱ አፍ ማረጋገጥ ይችላል። ከዚያ አልፎ መድኃኒት ነው ብሎ መጠጣት ግን ያለ ቦታው መሄድ ነው።

ከየት መጣ?

የመጠጡና የብርጭቆው ታሪክ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ የተገናኙት ኋላ ነው።

ቀዳሚው ስፕሪትስ ነው። ቬኒስና አካባቢዋ፣ ቬኔቶ የሚባለው ክፍለ ሀገር፣ እስከ 1866 በኦስትሪያ አገዛዝ ሥር ነበር። እንደሚተረከው የኦስትሪያ ወታደሮችና ሹማምንት የአገሩ ወይን ጠጅ ከለመዱት በላይ በረታባቸውና «ትንሽ ውሃ ርጭ አድርግበት» ይሉ ጀመር። በጀርመንኛ መርጨት «ሽፕሪትሰን» ነው፤ ስሙ ከዚያ ቀረ። ያን ጊዜ አፔሮልም ብርቱካናማ ቀለምም አልነበረም፤ ወይንና ውሃ ብቻ።

አፔሮል የተወለደው ከቬኒስ ብዙም በማይርቅ በፓዶቫ ከተማ ነው። ሉዊጂና ሲልቪዮ ባርቢዬሪ የተባሉ ወንድማማቾች ከአባታቸው የመጠጥ ፋብሪካ ወረሱ። በዚያ ዘመን አብዛኛው አፔሪቲቮ ኃይለኛ ነበርና እነርሱ ቀለል ያለ ለመሥራት ለዓመታት ሞከሩ። በ1919 በፓዶቫ የንግድ ትርኢት ላይ አቀረቡት። ስሙን ያወጡለት ፈረንሳዮች አፔሪቲፍን አሳጥረው «አፔሮ» ከሚሉት ቃል ነው። ቀላልነቱ የማስታወቂያው ዋና ወሬ ሆነ፤ በ1930ዎቹ ለስፖርተኞችና ቁመናቸውን ለሚጠብቁ ሴቶች የሚስማማ ተብሎ ይነገርለት ነበር። በሊትሩ ውስጥ ያለውን ስኳር ለሚያውቅ ሰው ይህ ፈገግ ያሰኛል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የቬኔቶ ሰዎች በወይንና በውሃው ላይ መራራ መጠጥ መጨመር ጀመሩ፤ ሁለቱ መንገዶች እዚህ ተገናኙ። ቬኒስ የራሷ መራራ ነበራት፤ በ1920 የተጀመረው ሴሌክት፣ ከአፔሮል ጠንከር ያለና ቀላ ያለ። ዛሬም በቬኒስ ጠባብ መጠጥ ቤቶች «ስፕሪትስ» ብቻ ብሎ ማዘዝ በቂ አይደለም፤ ባለቤቱ «በምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ በአፔሮል፣ በሴሌክት፣ በካምፓሪ ወይም ከአርቲቾክ ቅጠል በሚሠራው በቺናር።

ይህ ሁሉ ግን ለረጅም ጊዜ የሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን የቤት ጉዳይ ነበር። ዓለም የሰማው የካምፓሪ ኩባንያ አፔሮልን በ2003 ከገዛው በኋላ ነው። ኩባንያው ጠርሙሱን ብቻ ሳይሆን ድብልቁንና ሰዓቱን ሸጠ፤ በቃል የሚያዝ ቀመር፣ ሰፊ ብርጭቆ፣ ከሩቅ የሚለይ ቀለም። ስልክ ፎቶግራፍ የሚያነሣበት ዘመን ሲመጣ ቀለሙ የቀረውን ሠራ። በ2011 ዓለም አቀፉ የባርማኖች ማኅበር ድብልቁን በይፋ ዝርዝሩ ውስጥ አስገባው። ዛሬ አፔሮል የኩባንያውን ስም የያዘውን መጠጥ፣ ካምፓሪን ራሱን፣ በሽያጭ በልጦታል።

በቤት እንዴት ይዘጋጃል?

ቀመሩ 3፣ 2፣ 1 ነው፦ ሦስት እጅ ፕሮሴኮ፣ ሁለት እጅ አፔሮል፣ አንድ እጅ ጋዝ ያለው ውሃ። በሚሊ ሊትር 90፣ 60 እና 30 ገደማ። መለኪያ የሌለው ሰው በአረቄ መለኪያ ሊቆጥር ይችላል።

ቀመሩ ቀላል ነው፤ የሚበላሸው በዝርዝሩ ነው። በግንቦት 2019 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ ጋዜጣ «ጥሩ መጠጥ አይደለም» ብሎ ጽፎ በሁለት አህጉር የመጠጥ ወዳጆችን አስቆጥቶ ነበር። ክሱ በአጭሩ ይህ ነበር፦ ስኳር የበዛበት መጠጥ ከርካሽ ፕሮሴኮና ከሚቀልጥ በረዶ ጋር ተደባልቆ ይቀርባል። በእኔ አስተያየት ክሱ ግማሽ እውነት አለው፤ የተከሰሰው ግን አሠራሩ መሆን ነበረበት።

በበረዶው እንጀምር። ሰው በረዶ ሲበዛ መጠጡ የሚቀጥን ይመስለዋል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ሁለት ቁርጥራጭ በረዶ ሙሉ ብርጭቆ ለማቀዝቀዝ ሲታገል ራሱ ቀልጦ ያልቃል። ብርጭቆ ሙሉ በረዶ ግን መጠጡን በአንዴ ያቀዘቅዘውና ከዚያ ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው። ከሰልም እንዲሁ ነው፤ የተበታተነው ቶሎ ይጠፋል፣ ተጠጋግቶ የተከመረው ይቆያል። የዚያ ሆቴል ብርጭቆ የመጀመሪያ ጥፋት ይኸው ነበር።

ቀጥሎ ፕሮሴኮው። ፕሮሴኮ ግሌራ ከተባለ የወይን ዘር የሚሠራ፣ ስሙም በሕግ ለሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን የተጠበቀ አረፋማ ወይን ነው። ጠርሙሱ ላይ ያሉት ቃላት ያሳስታሉ። «ድራይ» ማለት ደረቅ፣ ስኳር የሌለበት ይመስላል፤ ነገር ግን በሊትር ከ17 እስከ 32 ግራም ስኳር ሊኖረው ይችላል። «ኤክስትራ ድራይ» ከ12 እስከ 17 ነው። «ብሩት» የሚለው ነው ከ12 ግራም በታች የሚይዘው። አፔሮሉ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ የሚሻለው ብሩት ነው። በስኳር ላይ ስኳር ከተጨመረ ምሬቱ ይቀበራል፣ ስፕሪትሱም ወደ ብርዝ ይመለሳል።

ቅደም ተከተሉም ምክንያት አለው። መጀመሪያ በረዶው፣ ከዚያ ፕሮሴኮው፣ ከዚያ አፔሮሉ። አፔሮሉን በፕሮሴኮው ላይ በቀስታ ሲያፈሱት እንደ ቀጭን ክር በበረዶዎቹ መካከል እየተጠማዘዘ ወደ ታች ይወርዳል፤ ስኳሩ ያከብደዋልና። ከታች ደግሞ አረፋው ወደ ላይ ይነሣል። ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ፈዛዛው ቢጫ ከታች ጀምሮ ብርቱካናማ እየሆነ ይመጣል። አፔሮሉ ቀድሞ ቢገባ እታች ተኝቶ ይቀር ነበር፤ ለማንሣት ደጋግሞ ማማሰል፣ በማማሰልም ጋዙን ማባረር ይመጣል። በመጨረሻ ውሃው፣ አንድ ጊዜ ቀስ ብሎ በማንኪያ ከፍ ማድረግ፣ አንድ ቁራጭ ብርቱካን። ቬኔቶ ውስጥ አረንጓዴ ወይራ በእንጨት ሰክተው የሚጨምሩም ብዙ ናቸው፤ የጨውን ነገር ካወቅን በኋላ ይህ አይገርመንም።

ለውሃው አምቦን ሞክሬያለሁ። ይሠራል፤ ማዕድኑ ስለሚበዛ ግን ጣዕሙ በግልጽ ይሰማል። እኔ ወድጄዋለሁ፣ ባለቤቴ «የጠበል ስፕሪትስ» ብላ ስቃበታለች።

የተከፈተ የአፔሮል ጠርሙስ በቀዝቃዛ ቦታ ለወራት ይቆያል። ፕሮሴኮው ግን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ አረፋው ይጠፋል፤ ለአንድ ሰው ብቻ መክፈቱ አያዋጣም።

ቀላል መጠጥ ነው ማለት ይቻላል?

ቀለሙ፣ በረዶውና ስኳሩ እንደዚያ ያስመስሉታል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። በአንድ ስፕሪትስ ውስጥ ከገባው 90 ሚሊ ሊትር ፕሮሴኮ 11 በመቶው አልኮል ነው ብንል 9.9 ሚሊ ሊትር ንጹህ አልኮል ይሆናል። ከ60 ሚሊ ሊትር አፔሮል ደግሞ 6.6 ይመጣል። ድምሩ 16.5። አሁን 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ጠርሙስ ቢራ እንውሰድ፤ በውስጡ ያለው ንጹህ አልኮልም 16.5 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ ስፕሪትስ አንድ ሙሉ ቢራ ነው ማለት ነው፤ ልዩነቱ ቢራው ሆድ ሲሞላ ስፕሪትሱ አለመሙላቱ ነው። በሙቀት ቀን፣ ባዶ ሆድ ላይ፣ ሦስት ብርጭቆ ሳይታወቅ ያልቃል።

ጣሊያን ውስጥ መኪና ለሚያሽከረክሩ ወገኖች ይህ ከጣዕም በላይ ነው፤ የአገሪቱ ሕግ የሚፈቅደው በአንድ ሊትር ደም እስከ 0.5 ግራም ነው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጡ ሦስት ዓመት ላልሞላቸው ደግሞ ዜሮ። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮም በጥር 2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን እንደሌለ ተናግሯል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ትቶ መነሣት አይገባም፤ ለልጅ ዓይን ከፋንታ ምንም አይለየውም።

ከካምፓሪ በምን ይለያል?

ካምፓሪ በ1860 የተጀመረ፣ የሚላን መለያ የሆነ መጠጥ ነው። ቀዩ ካምፓሪ ነው፣ ብርቱካናማው አፔሮል። የካምፓሪ አልኮል እንደሚሸጥበት አገር ከ20 በመቶ እስከ 28 በመቶ ገደማ ይደርሳል፣ ምሬቱም ፊት ለፊት ነው። በአፔሮል ቦታ በተመሳሳይ ልክ ካምፓሪ የጨመረ ሰው የበረታ ብርጭቆ ይጠብቀዋል።

አልኮል የማይጠጣ ሰውስ?

ጣሊያኖች ለዚህም አስበዋል። ክሮዲኖ የሚባል፣ በ1960ዎቹ የመጣ፣ ቀለሙ ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ፣ አልኮል የሌለው መራራ መጠጥ አለ፤ በትንሽ ጠርሙስ ይሸጣል። ቀዩ ሳንቢተርም አለ። በአፔሪቲቮ ሰዓት ክሮዲኖ የያዘ ሰው ለምን አልጠጣህም ተብሎ አይጠየቅም፤ በዚያው ሰፊ ብርጭቆ፣ በዚያው በረዶና ብርቱካን ይቀርብለታል።

እህቴ ባለፈው ስትመጣ ከሻንጣዋ ሁለት ክሮዲኖ አወጣች። በረዶ ሞልታ፣ ብርቱካን ቆርጣ፣ ከአንድ ሳህን ቆሎ ጋር ለእናቴ አቀረበችላት። እናቴ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው፣ አሸተተችው፣ አንድ ጊዜ ቀመሰች፣ ፊቷን አጨማደደች።

«ጌሾው በዝቷል» አለች።

ከዚያ ቆሎውን ቆረጠመችና ደግማ ቀመሰች። ብርጭቆውን አልመለሰችም።